ባዶ ሳህን የመለሰ ሰው

ከመዝገበ ቃላት ጋር የሚኖር ወንድ ከጎረቤት ጋር መኖር አይችልም። አትሳቁብኝ! ራሴን አይቼ ነው።

በሰው አገር፣ ማንጋቴን በሚባል ሰፈር ውስጥ ከግድግዳዬ ወዲያ ኛቦል ትኖራለች። የዚሁ አገር ልጅ ሆና በስደት እኛ አገር ያደገች፣ ከእኔ የተሻለ አማርኛ የምትናገር፣ ሀይ ጀላባ ሰፈር ካለው ምግብ ቤቷ ስትመለስ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ ግቢ የሚገባ ሴት ናት። እወዳታለሁ። ይህን ያልሰማች እሷ ብቻ ናት፤ የቸርች እህቶች እንኳ ሰምተው ጾም ጸሎት ይዘውልኛል።

አንድ እሁድ ክዳን ባለው ጎድጓዳ ሳህን ምስር ወጥ ላከችልኝ። ጥርግ አድርጌ በላሁ። ሳህኑንም እንደ ጨዋ ሰው አጠብኩና... ባዶውን መለስኩላት! እስቲ ፍረዱ፣ እናት ያሳደገችው ሰው የጎረቤት ሳህን ባዶ ይመልሳል? ሌላው ቢጠፋ ሁለት ሎሚ ጣል ይደረግበታል። እኔ ግን ቶንፒንግ ሰፈር ቢሮ ቁጭ ብዬ ሪፖርት የምጽፍ የተማርኩ ሰው ነኝና፣ ሳሙናው ይበቃል ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰላምታዋ ቀዘቀዘ። ወጡም ቀረ። ጥፋቴን የነገረችኝ አንዲት የቸርች እህት ናት፤ ትንሽ ሙዝ ይዘህ ሂድና ይቅርታ ጠይቃት አለችኝ። ሙዝ! እኔ ይዤ የሄድኩት እውቀት ነው።

ደጃፏ ላይ ሽንኩርት ስትልጥ አገኘኋትና ጀመርኩላት። እንግሊዞች ባዶን ነገር "ኤምፕቲ" ይላሉ፤ ጥንት ግን ቃሉ ለዕቃ ብቻ ሳይሆን ለሰውም ነበር፤ ጊዜ ያለው፣ ሥራ ያልያዘው፣ ያላገባ ሰው እንደዚያ ይባል ነበር። የቃሉ ሥር ፋታ ማለት ነው። መሃሉ ላይ ያለችው "ፕ" እንኳ ማንም ሳይጠራት ኋላ የገባች ናት... ስለዚህ ባዶ ሳህን በጥንቱ አገባብ ስድብ አይደለም፣ ያላገባ ሰው ሰላምታ ነው አልኳት።

"ይህን ለማወቅ እንግሊዝ ድረስ ሄድክ?" አለች ቀና ሳትል። "እዚህ ገበያ ውሃ ያለቀበትንም በርሜል፣ ሥራ የሌለውንም ሰው ‘ፋዲ’ ነው የምንለው።"

"እንግዲህ... እኔም ፋዲ ነኝ።"

ለእኔ ይህ የጋብቻ ጥያቄ ነው። ከዚህ የበለጠ ድፍረት አልተፈጠረብኝም።

ቢላዋዋን አስቀመጠች። ከዚያ ያንን ጎድጓዳ ሳህን አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ባዶውን! ልቤ ልትወጣ ደረሰች... ገባት ማለት ነው፣ በጥንቱ አገባብ መለሰችልኝ!

"ጊዜ ካለህ" አለች የሽንኩርቱን ጆንያ በእግሯ ወደ እኔ እየገፋች፣ "ልጠህ ሙላልኝ።"

ይኸው ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ ቤቷ ሽንኩርት እልጣለሁ። የቸርች እህቶች እንባዬን ሲያዩ መንፈስ የነካኝ መስሏቸው እልል ይላሉ። ይበሉ። እኔ እንደሆነ፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ባዶ ሳህን አልመለስኩም።