በኛ አቆጣጠር የምትኖር ኮምፒውተር

ሞቶ የማይቀበር ነገር አለ ቢሏችሁ ሩቅ አትሂዱ፤ ኮምፒውተራችሁን ክፈቱ። ሰው ሲሞት እድርተኛ ይጠራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ተለቅሶ ወደ ሥራ ይገባል። ፕሮግራም ሲሞት ግን የሠሩት ሰዎች ቢሯቸውን ዘግተው ይሄዳሉ፤ ሬሳው እናንተ ቤት ይቀራል። ያውም ዝም ብሎ ቢተኛ ጥሩ... ጠዋት ኮምፒውተሩን ስትከፍቱ ብቅ ብሎ "አድሰኝ" ይላል።

ቢቸና ቤቴ ያለችው የኔዋ በእንዲህ ዓይነቱ ሙት የተሞላች ናት። ከቁርስ በፊት "አደጋ ላይ ነዎት" እያለ የሚያስደነግጠኝ የቫይረስ መከላከያ አለ። ራሱ ከሞተ ቆይቷል፤ የሚጨነቀው ግን ለእኔ ነው። ከሁሉም የምወደው የአማርኛ መጻፊያዬን ነው። ላሳድሰው ብዬ ያከፋፍሉት ወደነበሩት ሰዎች ብደውል አንዲት ሴትዮ አነሱና፣ "እኛ እንኳ የምንሸጠው ዘይት ነው፤ ስንት ሊትር ልበልዎ?" አሉኝ። መጻፊያው በከፈትኩት ቁጥር "አገልግሎቴ በ2019 ያበቃል" የሚል ማሳሰቢያ ያወጣል። እኔም ቀና ብዬ የግድግዳዬን ቀን መቁጠሪያ አያለሁ። 2018 ይላል። ታዲያ ምን አስቸኮለን?

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ። የኮምፒውተሯ ባትሪ ደክሞ ቀኑ የጠፋባት ጊዜ፣ ዛሬ ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔም የማውቀውን ነገርኳት፤ የኛን። ከዚያ ወዲህ ከኛ ጋር ጾማ ከኛ ጋር ትፈታለች። አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ነገር አልገባት ስላለ ብቻ ጳጉሜን ተዘግታ ታሳልፋለች።

መጻፊያው ውስጥ ያለው ጽሑፍ ባለቤት እኔ አይደለሁም፤ አማቴ መሪጌታ ናቸው። ደብረ ወርቅ ቅኔ ያስተምራሉ። በልጅነቴ እሳቸው ጉባኤ ቤት ገብቼ፣ ቅኔው አልሆን ሲለኝ ትቼ የታይፕ ትምህርት ተማርኩ። ልጃቸውን ስንዱን ካገባሁ በኋላም ያን ጊዜ ያወጡልኝ ስም አልተለወጠም። "ፊደል ቀጥቃጩ ደኅና ነው?" ብለው ነው የሚጠይቋት፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ።

እናንተም ታውቃላችሁ፤ ቅኔ አንዴ ከተባለ አይደገምም። መሪጌታ ዛሬ የተቀኙትን ነገ አይሉትም፣ አይጽፉትምም። ስንዱ ለምና ለምና፣ ቢቸና በመጡ ቁጥር አዲሱን እንዲነግሩኝና እኔ እንድቀጠቅጠው አስማማቻቸው። የዓመታት ቅኔያቸው ያለው እዚያ መጻፊያ ውስጥ ብቻ ነው። ዘንድሮ ታዲያ፣ "ለንግሡ በወረቀት አትመህ ስጠኝ፤ ለደቀ መዛሙርቴ ላድል" አሉኝ። እኔን የሚያህል ደስተኛ ቢቸና ውስጥ አልነበረም። ከነስሜ የምጠራበት ቀን መጣ አልኩ።

ማተሚያውን ያመጣልኝ ሰዒድ ነው። ሞጣ ላይ ኮምፒውተርና የኮምፒውተር ዕቃ ይሸጣል፤ አብረን ተምረን አብረን መላጣ ሆነናል። መሪጌታ በሚመጡበት ቀን ጠዋት፣ ካርቶኑን እንደ ሙሽራ አቅፎ ከአውቶቡስ ወረደ። ማተሚያውን ሊጭን ቢል ኮምፒውተሯ እምቢ አለች። ሰዒድ ከስክሪኑ ማዕዘን ያለውን ቀን አየና ወደ እኔ ዞረ።

"ይበልጣል፣ ይሄ ቀን የመቼ ነው?"

"የዛሬ ነዋ።"

"ማሽኗ እኮ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀርታለች።"

"አልቀረችም። ከኛ ጋር ናት።"

"አንተ ሰውዬ፣ ክርስትና አንስተሃታል እኮ! ኢንተርኔቱም እምቢ የሚልህ ለዚህ ነው።"

አስተካከላት። ማተሚያው ወዲያው ተጫነ፣ ኢንተርኔቱ ተከፈተ፣ እኔም ሰዒድን መረቅሁት። ልትኳል ዓይኗን አጠፋች ይሏል ይሄን ነው። መጻፊያውን ስነካው "አገልግሎቴ በ2019 አብቅቷል" አለና ድርግም። "ያበቃል" ሲለኝ የኖረ ሰው "አብቅቷል" ሲል ምን ያህል እንደሚከፋ አልነግራችሁም።

ሰዒድ ጽሑፉን በሌላ ፕሮግራም ከፈተው። የጥያቄ ምልክት፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክት፣ ኮፍያ ያደረገ የፈረንጅ ፊደል...

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት።

"ቅኔ አይደል? ለሁሉም አይገባም ሲባል ሰምቻለሁ።"

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። የስንዱ እናት ያረፉ ጊዜ መሪጌታ የተቀኙት እዚያ ውስጥ ነው። ያን ቀን እየነገሩኝ ሁለት ጊዜ ድምፃቸው ተቆርጦባቸዋል። ስንዱ ከሰዒድ ጋር የተባባልነውን በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። ከፋኝ፤ በእውነት ከፋኝ። ይሄን ስናብሰለስል መሪጌታ ዘንጋቸውን ይዘው ገቡ።

"ምነው ፊታችሁ? ማን ሞተ?"

"መጻፊያው፣ የኔታ" አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

"ምን አገኘው?"

"ጊዜው በ2019 አብቅቷል ነው የሚለው፣ አባ" አላቸው ሰዒድ።

"2019 መቼ ገባና?"

"በፈረንጅ ነው።"

"ጠዋትስ በማን ነበረች?"

"በኛ" አልኩ።

"ጠዋት ትሠራ ነበር?"

"አዎ፣ የኔታ።"

"ታዲያ ወደ ጠዋቱ መልሷት እንጂ፣ ምን ያስተክዛችኋል?"

ሰዒድ አየኝ፤ አየሁት። ቀኑን መለሰው። መጻፊያው ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሥቶ "አገልግሎቴ በ2019 ያበቃል" አለ። ስንዱ እልልታዋን ስታቀልጠው ጎረቤት ልጅ የተዳረ መስሎት መጣ። ማተሚያው ወረቀቱን ይተፋው ጀመር። መሪጌታ አንድ በአንድ ወደ ዓይናቸው እያስጠጉ አዩት። የሚስታቸው ላይ ሲደርሱ አጥፈው ከሌላው ለይተው ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

"2019 በኛም ሲገባስ?" አለ ሰዒድ፤ ነጋዴ ነውና የነገው አይጠፋበትም።

"ዓመተ ሰማዕታት አለ፤ ገና አንድ ሺህ ሰባት መቶ ውስጥ ነው" አሉ መሪጌታ።

"እሱ ከሆነማ በኛም በሂጅራ አንድ ሺህ አራት መቶ ውስጥ ነን" አለ ሰዒድ። ሁለቱም ጎንበስ ብለው ሞከሯት። ማሽኗ ግን ከ1980 በታች አልወርድም አለች።

"ሕፃን ናታ" ብለው መሪጌታ አዘኑላት። "እንግዲያስ እዚሁ 2018 ላይ አቁማት። ዛሬም አንድ ይዤ መጥቻለሁ፤ የት ልታሰፍርልኝ ነው?"

"ዘመን ይቆማል እንዴ፣ የኔታ?"

"ኢያሱ ፀሐይን አቁሞ የለም? አንተ አንዲት ሣጥን ያቅትሃል?" ካሉ በኋላ ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ "በል ቁጭ በል፣ ይበልጣል" አሉኝ። ከነስሜ!

እንግዲህ መስከረም ሲጠባ አዲሱን ዓመት በሰላም ተቀበሉ። እኛ ቤት የምትመጡ ግን አደራ፣ ኮምፒውተሯ አጠገብ "እንኳን አደረሳችሁ" እንዳትሉ። ለእሷ አልነገርናትም።