የኔታ እፀገነት እና ስም የሌላቸው ቁጥሮች

ሰው ሥራው ላይ አቀርቅሮ ሳለ ከኋላው መጥታ ጣቷን የማትሰነቅር ሴት የሌለችበት ክፍል ዓለም ላይ የለም። መካነ ሰላም ኮምፒውተር ለሚማሩት የደረሰቻቸው አብራቸው የምትማረው እፀገነት ናት፤ የመሪጌታ ላቀው ልጅ። ልጆቹ "የኔታ እፀገነት" ይሏታል። ስትገባ ብድግ ይሉላታል፤ ለሳቅ ነው።

ጣቷ ስክሪኑ ላይ ያርፋል። "ይቺ ቁጥር ስም የላትም? ከላይ ስም ሰጥተህ ዲፋይን አድርጋትና በስሟ ጥራት። ስም ስትሳሳት ማሽኑ ይጮህብሃል፤ ቁጥር ስትሳሳት ግን ዝም ነው የሚልህ።"

ከልጆቹ አንዱ ያሲን "የወረኢሉ አውቶቡስ ብትሳፈር፣ ወንበሮቹ ለምን ስም የላቸውም ብላ ሾፌሩን ታስወርደዋለች" ይላል። አንድ ቀን ሰባትን "የሳምንት ቀን" ብላ ኮንስት፣ ማለትም የማይለወጥ፣ ስታደርጋት ንጉሡ የሚባለው ልጅ አላስቻለውም።

"ምነው የኔታ፣ ሳምንት ስምንት ቀን ሊሆን ነው እንዴ?"

"እንዳይሆን እኮ ነው ኮንስት ያልኩት!"

ንጉሡ ከአሥረኛ ክፍል ያቋረጠ ልጅ ነው፤ እሷ ስትመጣ ስክሪኑን በጋቢው ይጋርዳል። ኅዳር ላይ ባሕረ ሐሳቡን በሲ የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፈው፤ ዓመቱን ስትነግረው ጾሞቹ የሚገቡበትን ቀን ያወጣል። ከአዳም እስከ ክርስቶስ ያለው 5500 ዘመን አምስት ቦታ ይገባል፤ አምስቱንም ቦታ ስም ሳይሰጠው ቁጥሩን እንዲሁ መታው። የ2018ን አትሞ ለአባቷ እንድታደርስለት ሰጣት።

"ኮዱን ልየው?"

"ወረቀቱን ብቻ አድርሺልኝ፣ የኔታ።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ ልጃቸው የሠራችው መስሏቸው፣ አምነዋት ለሕዝቡ አነበቡት። "ጾመ ነነዌ፣ ጥር ሃያ..."

"የኔታ" አለ አንድ ገበሬ ከኋላ፣ "ዘንድሮ ጥምቀት ሰኞ ነው፤ ሃያ እኮ ረቡዕ ይውላል። ነነዌ ከሰኞ ሌላ ገብቶ ያውቃል?"

ሕዝቡ ሳቀ። ባሕረ ሐሳብን ስንቱን በቃሉ ያስጠኑ ሰው ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። "ኮምፒውተር ተማረችና አባቷን አዋረደች" አለች አንዷ። እፀገነት ንጉሡን አየችው። ንጉሡ ጫማውን አየ። የሠራው እሱ ነው ብላ ግን አላጋለጠችውም።

ሰኞ አጠገቡ ቁጭ ብላ ኮዱን ፈተሸች። አራተኛው ቦታ ላይ በ5500 ፋንታ 5050 ተመትቷል። እንድትጮህበት ጠበቀ። አርማለት ተነስታ ሄደች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ማክሰኞ ንጉሡ የመሪጌታ ደጅ ቆመ።

"የኔታ፣ ያችን ወረቀት የሠራኋት እኔ ነኝ። ኮዱን ልየው ብላኝ ከልክያታለሁ።"

"ያንተ መሆኑን ታውቅ ነበር?"

"ያኔውኑ።"

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደገፉ። "እኔ እኮ ከእሑድ ጀምሮ አላናገርኳትም" አሉ። ከዚያ ወደ ቤት ዞረው፣ "እፀገነት! ነይማ፣ ልጄ!"

ወጣች። አባቷ እጇን ያዙ። ንጉሡ የሚገባበት ጠፍቶታል። እሷ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እሱን አየች።

"አብሽሩ" አለች። "ግቡ በሉ፣ ወጡ ይቀዘቅዛል።"

ንጉሡ ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። ግን ገባ።