ሣር የለበሰ ቆርቆሮ

ባለፈው እሁድ እዚህ ጎንደር የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ስብሰባ ነበረን። አጀንዳው ጣሪያው ላይ ያለው የውኃ ታንከር ነው። ታንከሩ ያፈሳል። ይህን ለማወቅ ስብሰባ አያስፈልግም፤ አራተኛ ፎቅ ያለችውን ጎረቤቴን መጠየቅ ይበቃል። ሁለት ሰዓት ተኩል ተነጋገርንና ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ መርጠን ተለያየን። ጎረቤቶቼ እየተነጫነጩ ወጡ። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት።

ምነው ትሉኝ እንደሆነ፣ ሰዉ ኮንዶሚኒየም ትናንት የመጣ ይመስለዋል። እኔ በደርግ ጊዜ በሱዳን ድንበር በኩል ባለችው ሸሕዲ ኖሬበታለሁ። ፎቅ አልነበረውም እንጂ ሌላው ሁሉ ነበረው።

ያኔ ወጣት ነኝ። እርሻ ቢሮ በጽሕፈት ሥራ ተቀጥሬ ከደባርቅ ወደ ሸሕዲ ተመደብኩ። ደባርቅን ለማታውቁ፣ ሰው በሰኔ ጋቢ በጋቢ ላይ የሚደርብበት አገር ነው። ሸሕዲ ደግሞ ቆዳህንም አውልቀህ ሚስማር ላይ ብትሰቅለው የምትመኝበት ነው። ቀበሌው የሰጠኝ ቤት የአንድ ረጅም የሣር ቤት ስድስተኛ በር ነበር። ድሮ አንድ ነጋዴ የሰሊጥ ሠራተኞቹን ያሳድርበት ነበር አሉ። ትርፍ ቤት ሲወረስ የሁላችንም ሆነ። የሁላችንም ሆነ ማለት እንግዲህ ሲፈርስ የማንም አይደለም ማለት ነው።

ለስምንት በር አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ማድ ቤትና አንድ ራኩባ ነበረን። ራኩባ የምላችሁ ከሱዳን በኩል የመጣ ነገር ነው፤ ግድግዳ የሌለው፣ በእንጨት የቆመ የሣር ዳስ። ከሥሩ አንገረብ የሚሉት በገመድ የተጠለፈ አልጋ ይዘረጋል። ጥጉ ላይ ዚር፣ ትልቁ የውኃ ጋን ማለቴ ነው፣ ይቆማል። በመጋቢት ቀትር ሸሕዲ ውስጥ ሰው የሚኖረው ራኩባው ሥር ነው። ቤቱ የዕቃ ነው።

የግቢያችን ሊቀመንበር ጓድ መንገሻ ይባላል። የጎጃም ሰው፣ የትራክተር መካኒክ። እጁ የገባ ሞተር ሁሉ ይነሣለታል፤ እጁ የገባ ስብሰባ ግን አይቆምለትም። በዕድሜ ታላቄ ቢሆንም ዘመኑ የጓድነት ስለነበር አንተ ነበር የምለው። እኔ ደግሞ የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ ቃለ ጉባኤ ያዥ ተደረግሁ።

የሰውየውን ጠባይ እንድታውቁት የሽንት ቤቱን ቁልፍ ነገር ላጫውታችሁ። መንገደኛ ሁሉ እየገባ አስቸገረ፤ እንግዲህ ይቆለፍ፣ ቁልፉም በሊቀመንበሩ እጅ ይሁን ተብሎ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። በሦስተኛው ቀን ጓድ መንገሻ የተሰበረ ትራክተር ሊጠግን አብደራፊ ሄደ። ቁልፉም ኪሱ ውስጥ አብሮት ሄደ። ሦስት ቀን ቆየ። ስምንት ቤተሰብ እነዚያን ሦስት ቀናት እንዴት እንዳሳለፈ፣ ምናልባት ምግብ ላይ ከሆናችሁ፣ አልናገርም። ብቻ ሲመለስ ሽንት ቤቱ በር አልነበረውም። ቁልፉን ግን እስከ ነሐሴ ድረስ በኪሱ ይዞት ሲዞር አይቻለሁ።

ወደ ራኩባው ልመለስ። ሣሩ በየዓመቱ መለወጥ ነበረበት። ምስጥ ይበላዋል፣ ነፋስ ይወስደዋል፣ የጎረቤት አህያ ደግሞ ጠርዝ ጠርዙን ይግጠዋል። ስለዚህ ክረምት ሳይገባ ስምንቱ አባወራ ሣር ያጭዳል፣ ይሸከማል፣ ይከድናል። በዚያ ሰሞን አንዱን ወገቡን ያመዋል፣ አንዱ ለቅሶ ይደርስበታል፣ አንዱ ደግሞ ሳንጃ ያለ ዘመዱ ይታመምበታል። የሳንጃው ዘመድ በየዓመቱ በዚያው ሳምንት ታሞ በየዓመቱ ይድን ነበር።

አንድ የካቲት ላይ ታዲያ ቀበሌው ከፈረሰ የሰሊጥ መጋዘን የተረፈ አሥራ ሁለት ቅጠል ቆርቆሮ ፈቀደልን። ለቤቱ አይበቃም። በማን በር በኩል ይመታ ቢባል ደግሞ ደም መፋሰስ ይመጣል። ለራኩባው ግን ልክክ ያለ ነው። ጓድ መንገሻ ስብሰባ ጠራና ተነሥቶ ቆመ።

“እስከ መቼ ነው ይኸን ሣር ስንሸከም የምንኖር? አንድ ጊዜ ቆርቆሮ እናልብሰውና እንገላገል” አለ።

ልብ በሉልኝ፣ ከአንዲት ሴት በቀር ግቢው ውስጥ ያለነው ሁሉ ከደጋ የመጣን ነን። በደጋ ቆርቆሮ ማለት ሰው መሆን ነው። ሙሽራ የሚታጨው ቆርቆሮው ታይቶ ነው። እኔ ራሴ የአባቴ ቤት ቆርቆሮ የተመታ ዕለት ትምህርት ቤት ሄጄ ያልነገርኩት ልጅ አልነበረም። እና ማን ይቃወማል?

ከሁሉ ቀድሞ እጃቸውን ያወጡት አያ ወርቁ ናቸው። አያ ወርቁ የወሎ ሰው ናቸው። በጉልምስናቸው የሰሊጥ አጨዳ ሠርተው የቆርቆሮ መግዣ ይዘው ሊመለሱ ወረዱ። ገና የመጡ ዕለት ከአንድ ደጅ ውኃ ለመኑ። አንዲት ልጅ ከዚር ቀድታ ሰጠቻቸው። ጠጥተው ሄዱ። በማግሥቱ ጣሳውን ልመልስ ብለው መጡ፤ ጣሳውን ግን ይዘው አልሄዱም ነበር። ልጅቷ እትዬ ትርንጎ ናቸው፣ ያችው ብቸኛዋ የቆላ ሰው። ተጋቡ፤ አያ ወርቁ ወሎ ሳይመለሱ፣ ቆርቆሮውም ሳይገዛ ሠላሳ ዓመት አለፈ። እኔ ስደርስ ጉልበታቸው ደክሞ ቀኑን ሙሉ ራኩባው ሥር አንገረባቸው ላይ ነበር የሚውሉት።

እትዬ ትርንጎ በዚያ ስብሰባ ሁለቱንም እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ አስገቡ። ጓድ መንገሻ አየና፣ “ተቃውሞ አለዎት?” አላቸው።

“ኧረ የለኝም። ብቻ ይኸ ሰውዬ እዚያ ሥር ነው የሚውል።”

“እና?”

“እናማ የቆላ ፀሐይ ነው።”

እኔ ቃለ ጉባኤው ላይ በሙሉ ድምፅ ብዬ ጻፍኩ። እጁን ነጠላው ውስጥ ያስገባ ሰው ምን ተብሎ እንደሚመዘገብ ማን አስተማረኝ?

ቆርቆሮው ተመታ። አቤት ደስታ። አያ ወርቁ በጀርባቸው ተንጋለው፣ እጃቸውን ከራሳቸው ሥር አድርገው፣ ሽንሽኑን አንድ ባንድ ይቆጥሩት ነበር። ሌላ ግቢ ያለ ሰው ሲያልፍ ጠርተው ያሳዩታል። የካቲት እንዲህ አለፈ።

መጋቢት ሲገባ ቆርቆሮው ሥራውን ጀመረ። ቀትር ላይ ከሥሩ የገባ ሰው ዳቦ የሚያስበውን ያስባል። መጀመሪያ ሴቶቹ ስፌታቸውን ይዘው ወደ ጎረቤት ኒም ዛፍ ተሰደዱ። ከዚያ ወንዶቹ አንድ ባንድ ተከተሉ። እኔ እንኳ እሁድ ቀን ቢሮ ሥራ አለብኝ ማለት ጀመርኩ። የዚሩ ውኃ ለብ አለ፤ በደጁ የሚያልፈው መንገደኛ አንዴ ቀምሶ ጣሳውን በትሕትና ማስቀመጥ ለመደ። በዚህ ላይ ጓድ መንገሻ ነገሩን ለቀበሌ ሪፖርት አድርጎት ኖሯል፤ ከሌላ ግቢ ተሞክሮ ሊቀስሙ ሰዎች ተላኩ። በስድስት ሰዓት መጥተው ከቆርቆሮው ሥር ተደርድረው ማብራሪያ ሰሙ። ጥያቄ አለ ወይ ሲባሉ አንዱ ላቡን እየጠረገ፣ ውጪ ሆነን ብንጠይቅስ አለ።

ከሥሩ ያልወጡት አያ ወርቁ ብቻ ናቸው። አንገረቡን ወደ ኒሙ እናውጣልዎ ብንላቸው እምቢ አሉ። “ሠላሳ ዓመት የለፋሁበት ነው። ሰው ቆርቆሮ ሥር ተኝቶ ሞቀኝ ይላል?” አሉ። ላባቸው በገመዱ መሃል ይንጠባጠባል። ምግብ ቀነሱ፣ ከሱ። ሚያዝያ ላይ አንድ ቀን ሊነሡ ሲሉ ዓይናቸው ጨለመና ወደቁ። የክሊኒኩ ድሬሰር መጥቶ አያቸው። ወባም አይደለም፣ ሙቀቱ ነው፤ ከዚህ ቆርቆሮ ሥር ካልወጡ ይሞታሉ አለ። ቤት አስገባናቸው። በማግሥቱ ምርኩዛቸውን ይዘው ተመልሰው ተኙ።

በሙሉ ድምፅ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝና በጣም አፈርኩ፤ ፈራሁም። ጓድ መንገሻን ጥግ ይዤ፣ ጓድ፣ ይኸ ቆርቆሮ ወርዶ ሣሩ ቢመለስስ አልኩት።

“ወደ ኋላ?” አለኝ።

ያ ቃል በዚያ ዘመን ቀላል አልነበረም። ወደ ኋላ መሄድ የሚፈቀደው ለትራክተር ብቻ ነበር። ደግሞስ ለቀበሌ ምን ብሎ ይጻፍ? መሞቁን እሱም ያውቀዋል፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ እንደ ካርታ ሆኗል።

በማግሥቱ እትዬ ትርንጎ ከዚሩ አንድ ጣሳ ቀድተው ወደ ደጄ መጡ። ቅመሰው አሉኝ። ቀመስኩት። የሻይ ቅጠል ብቻ ነው የጎደለው። ከዚያ ተቀመጡና፣ አንተ ጽሕፈት ታውቃለህ፣ አጀንዳ አስይዝልኝ አሉኝ። ቆርቆሮው ይውረድ የሚል ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ምነዋ፣ ማን ይውረድ አለ ብለው ተቆጡኝ። ቆርቆሮው የሕዝብ ንብረት ነው፣ ፀሐይ እያበላሸው ነው፣ ጥበቃ ይደረግለት የሚል ነው አሉ። ሁለተኛ ጉዳይም ነበራቸው፤ ስብሰባው እንደ ወትሮው በጠዋት ሳይሆን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በስድስት ሰዓት፣ እዚያው ቆርቆሮው ሥር ይሁን። ከጻፍኩ በኋላ ነው የገባኝ።

እሁድ በስድስት ሰዓት ተሰበሰብን። ጓድ መንገሻ መፈክሩን እንኳ በግማሽ አቋረጠው። አያ ወርቁ አንገረባቸው ላይ ናቸው፤ ከንፈራቸው ደርቋል። እትዬ ትርንጎ ተነሡ።

“ይኸን የመሰለ ንብረት መንግሥት ሰጥቶን ሜዳ ላይ ጥለነዋል። ፀሐይ ይበላዋል፣ ዝናብ ያዝገዋል። ልጅ እንኳ ራቁቱን አይሰጣም። የሚለብሰው ነገር ይደረግለት” አሉ።

“ምን ይልበስ?” አለ ጓድ መንገሻ፣ ግንባሩን በእጅጌው እየጠረገ።

“እኔ ምን አውቃለሁ። አንተ መካኒክ ነህ። ሣር ቢሆንስ?”

ጓድ መንገሻ ወደ ላይ አየ። ከዚያ አያ ወርቁን አየ። ፊቱ ቀስ እያለ ሲፈታ አየሁት። ይኸማ ወደ ኋላ መመለስ አይደለም፤ ንብረት መጠበቅ ነው። የሚደግፍ ብሎ ሳይጨርስ ሁሉም እጅ ወጥቷል። እትዬ ትርንጎም በዚያ ቀን ሁለቱንም እጃቸውን አወጡ፤ እኔም ሁለቱንም ቆጠርኳቸው። በሸሕዲ ታሪክ እንደዚያ አጭር ስብሰባ አልተደረገም።

ሣሩን በሁለት ቀን ከደንነው። የማንም ወገብ አላመመም፤ የሳንጃው ዘመድም ደህና ከረመ። በላይ ሣር፣ በታች ቆርቆሮ። ፀሐይ የምታየው ሣር ነው፤ አያ ወርቁ የሚያዩት ቆርቆሮ። ነፋሱ ተመለሰ። ዚሩ ቀዘቀዘ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ጉድ ተባለ፤ ሣር ብቻውን ያፈስ ነበር፣ የመጋዘኑ ቆርቆሮም የሚስማር ቀዳዳው አያስመካም፤ ሁለቱ ተደራርበው ግን አንዲት ጠብታ አላሳለፉም። እንደዚያ ያለ ራኩባ በአካባቢው አልነበረም። ሌላው ግቢም ይኸው ይደረግልን ብሎ ማመልከቻ አስገባ። ጓድ መንገሻ ተጋብዞ ስለ ዘዴው ማብራሪያ ሰጠ፤ በዚህ ጊዜ ሰዉ ከሥሩ ቁጭ ብሎ ብዙ ጥያቄ ጠየቀ።

እስቲ ፍረዱ። ከሚያውቅ ሰው ሳትመክሩ አትወስኑ ብዬ እንዳልመክራችሁ፣ ያን ጊዜ መክረን ቢሆን ኖሮ ይኸው የሚያፈሰው ሣር ሥር እንቀር ነበር። ለዚህ ነው የታንከሩ ስብሰባ ያላናደደኝ። አንድ ስሕተት ተወስኗል፤ ሁለተኛውን መጠበቅ ነው።

አያ ወርቁ በሳምንቱ ምግብ ጀመሩ፤ ከወር በኋላ አገግመው ተነሡ። ሣሩ ሲከደን ከሥሩ ተኝተው ብናኙ ሲያስነጥሳቸው ነበር፤ እንግዲህ አላዩም አይባልም። እኔን ግን ጠርተው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? “አየህ፣ ቆርቆሮ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ያስቸግራል፤ ሲለምድህ ይቀዘቅዛል።”

በሚቀጥለው ዓመት የሣር መለወጫው ደረሰ። አዎ፣ ከሣር ሊገላግለን የመጣው ቆርቆሮ በየዓመቱ ሣር ያሳጭደን ጀመር። አያ ወርቁ ምርኩዛቸውን ይዘው ከሥር ቆመው፣ “እዚያ ጋ ሳስቷል፣ ጨምሩበት። ቆርቆሮዬን ፀሐይ እንዳይነካብኝ” እያሉ ያዝዙን ነበር።

እትዬ ትርንጎ ከጣሪያው ስወርድ ውኃ ቀድተው ሰጡኝ። ጥርስ የሚያም ቀዝቃዛ ነበር። ወደ ባላቸው በአገጫቸው እያመለከቱ፣ “ቆርቆሮ እሠራልሻለሁ ብሎኝ ነበር፣ ይኸው ሠራልኝ። ሣሩን ማን እንዳመጣው ግን እዚያ መዝገብህ ላይ እንዳትጽፈው” አሉኝ።

አልጻፍኩትም። መዝገቡ ላይ ያለው የጓድ መንገሻ ስም ነው።