ጉድጓድ ቁጥር አሥራ አንድ

ሐሜተኛ የሌለበት ሰፈር ይገኝ ይሆናል፤ ያወቀውን ቆልፎ የሚይዝ ሊቅ ግን ከየትም ሰፈር አይጠፋም። የድሮዎቹ የመድኃኒት ቅጠል ደብቀው ከነቅጠላቸው ይቀበሩ ነበር። የእኛ የታቦር ሰፈሩ ሊቅ ውሃ ነው የሚደብቀው። ክቡር ዶክተር ኩማ፣ የጉድጓዶቻችን የበላይ ጠባቂ!

እኔ አራተኛ ክፍል ሳልጨርስ የተዳርኩ ሴት ነኝ። የመጣበትን ቀን ግን አልረሳም። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት በሰኔ፣ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ "እማማ ብርሃነሽ፣ የሰፈሩን ጉድጓድ ላጠና ነው፤ ሰው ያምንዎታል አሉኝ" አለ። ይዤው ዞርኩ። ጎረቤቴ ታቢታ ደጅ "ይሄ አንደኛው" ብሎ ደብተሩ ላይ ሲጽፍ ውሻዋ ሱሪውን ቀደደችው። ከዚያ የጠሀ ሱቅ ጀርባ፣ ከዚያ የሌላውን ደጅ ሁሉ አንኳኳሁለት። ከዚያ ወዲያ በየወሩ በጠርሙስ ይቀዳል፣ ይጽፋል፣ የጻፈውን የሚያጠራቅምባትን ፍላሽ የምትባል ነገር እንደ ክታብ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል።

"ውጤቱስ ዶክተር?"

"ገና አልታተመም፣ እማማ።"

ስንቱ ተወለደ፣ ስንቱ ተዳረ፤ ገና አልታተመም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አፋጥጬ ብጠይቀው ንፍሮውን እያኘከ "አልታተመም" አለኝ።

አንድ ጊዜ ሌሎች አጥኚዎች መጥተው ያንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ ጠየቁን፣ ያንኑ ውሃ ቀዱ። "የዶክተር ኩማን ለምን አትወስዱም?" ብላቸው፣ "ለመንነው፣ አይሰጥም" አሉ። ጠሀ፣ "እንግዲህ ጉድጓዳችን በጥናት ሊደርቅ ነው" አለ። ዶክተሩን ብጠይቀው፣ "የዘራሁትን ሌላ ሰው ይጨደው?" አለኝ።

"ውሃው የማን ሆነና ነው ዘሩ ያንተ የሆነው?"

ሳቀ። ጠርሙሱን ከድኖ ሄደ።

እኔን የጨነቀኝ ወሬው አልነበረም። የልጅ ልጄ የኢያኤል የወተት ጥርስ ወልቆ አዲሱ ሲበቅል በልዞ ወጣ። ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። እህቷ ፌቨን ደግሞ ገና ሦስት ዓመቷ ነው። ውሃችን ይሆን? የሚያውቀው ሰው በየወሩ ደጄን ይረግጣል፤ አይናገርም።

ዘንድሮ ታተመ። ባሕር ማዶ፣ በእንግሊዝኛ፣ ለማንበብም ገንዘብ የሚከፈልበት ሆኖ። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የታቢታ ልጅ ሮሆቦት እንደምንም አግኝታ አነበበችልኝ። ጉድጓዶቹ ስም የላቸውም፣ ቁጥር ናቸው።

"ጥርስ የሚያበልዘው ነገር ቁጥር አሥራ አንድ ላይ ከሁሉም ይብሳል፤ ለልጆች ጨርሶ አይሆንም ይላል፣ እማማ።"

"አሥራ አንድ የማን ነው?"

"አልተጻፈም።"

ዓይኔን ጨፍኜ ያን የሰኔ ቀን እንደገና ዞርኩት። ታቢታ አንድ፣ ጠሀ ሁለት… ጣቶቼ አለቁ። አሥሩን ደጅ ዞረን፣ ደክሞን፣ በመጨረሻ የገባነው እኔው ቤት ነበር።

በወሩ ሲመጣ በር ላይ ጠበቅኩት። "አሥራ አንድ እኔ ነኝ?"

ጠርሙሱን መሬት አስቀመጠ። "ማን ነገረዎት?"

"እግሬ። መቼ ነው ያወቅከው?"

"በሁለተኛው ዓመት።" ድምፁ አነሰ። "ብናገር ሌሎች ቀድመው ያትሙብኝ ነበር፣ እማማ…"

ያኔ ኢያኤል ሁለት ዓመቷ ነበር። አሁን የምትሸፍነው ጥርስ ገና ድድዋ ውስጥ ነበር። ይህንኑ ነገርኩትና በሩን ዘጋሁበት።

በማግስቱ ዘጠኝ ደብተርና ያቺን ፍላሽ ለሮሆቦት አስረከባት። "ለጠየቀሽ ሁሉ ስጪ፤ ስሜን ባይጠሩም ግድ የለም" አላት። የየቤቱንም ውጤት በአማርኛ ጽፎ በየባለቤቱ እጅ ሰጠ። የጠሀ ውሃ ደህና ሆኖ ተገኘ፤ ፌቨን አሁን የምትጠጣው ከዚያ ነው። ለኢያኤል ግን ማን ይድረስላት?

ይቅር አላልኩትም። አንድ ነገር ግን ይከነክነኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ከዚያ ከእኔ ጉድጓድ ቀድቼ የሰጠሁትን ውሃ በሁለት እጁ ተቀብሎ ሳይጨልጥ ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም።

"እያወቅክ ለምን ትጠጣ ነበር?" አልኩት።

"እርስዎ ሲሰጡኝ እምቢ ማለት እያፈርኩ።"

አይ ኩማ! እንዲህ ማፈር እያወቅክ!

ዛሬም ይመጣል። እኔም ከጠሀ ጉድጓድ ካስቀዳሁት ላይ፣ ለልጆቹ ካስቀመጥኩት፣ የእሱን ብርጭቆ ለይቼ አቆይለታለሁ።