ሊቀ አድማጭያን ባዬና የማትሰማዋ ማራገቢያ

መራጭ የሌለበት ሰፈር የለም። እዚህ ሱዳን ውስጥ ገዳሪፍ ኑሩ፣ መፋዛ ውረዱ፣ ወድ ኤል ሒለው ተሻገሩ፣ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ለመግዛት የሽንኩርቱን ዘር ማንዘር የሚጠይቅ ሰው አታጡም። ሻጭ ሲያየው ፊቱን ያዞራል፤ ከኋላው የቆመው ያዛጋል፤ እሱ ግን ቀኑ ሁሉ የሱ ነው። «መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» የሚለውን ተረት አባቶቻችን ያወጡት እንዲህ ያለውን ሰው ጠብቀው ጠብቀው ሲሰለቻቸው ይመስለኛል።

የኛ ሰፈር መራጭ ባዬ ይባላል፤ ጎረቤቴ ነው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አያ ባዬ እለዋለሁ፤ ሲያናድደኝ ደግሞ ሊቀ አድማጭያን ባዬ። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔው ነኝ፣ ይገባዋልም። ሌላው መራጭ ዕቃ በዓይኑ ያያል፣ በእጁ ይዳብሳል፤ ባዬ ግን በጆሮው ነው የሚገዛ። ሐብሐብ ማንኳኳትማ የሁላችንም ነው። እሱ ጓጉንቸርም ያንኳኳል፣ ድስትም ያንኳኳል፣ ዶሮ ጆሮው ሥር ይዞ ሲያዳምጥም በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። «ቆይ እስቲ፣ ላድምጠው» ካለ በቃ፣ ሻጩ ምሳውን ቢበላ ይሻለዋል። ሚስቱ ማሚቱ «እኔንም ሁለት ዓመት አዳምጦ ነው ያገባኝ» ትላለች። ይህንንም የምትለው ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው።

ጆሮውን ያገኘው ከሰሊጥ ነው። ከአርማጭሆ ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ እዚሁ ቀረ፤ ይኸው ሃያ ሦስት ዓመቱ። ኋላ ማሕሱል በሚሉት በእህል ገበያው ውስጥ ናሙና አዳማጭ ሆነ። አትሳቁ። ከጆንያው አንድ እፍኝ ይዘግናል፣ በቆርቆሮ ሳህን ላይ ከፍ አድርጎ ያንጠባጥበዋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል። ደረቁ ሰሊጥ ይንሿሿል፤ እርጥበት የነካው ድምፁ ይታፈናል። ነጋዴዎቹ መለኪያ መሣሪያ ገዝተው እንኳ «ለማንኛውም ባዬ ይስማው» ይላሉ።

እንግዲህ ይህን ሰው ነው የኮምፒዩተር ማራገቢያ ምረጥልኝ ያልሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።

እኔ ሸጊቱ፣ ገዳሪፍ ሱቅ በሚሉት ገበያ ዳር አንዲት ክፍል አለችኝ። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ መዝሙርና ዘፈን በሚሞሪ ካርድ እጭናለሁ፣ ለሰርግ የሚላክ የምርቃት ድምፅ እቀዳለሁ። በግንቦት መጨረሻ ላይ ሓረጉ በሬን አንኳኳች። ሓረጉ ከትግራይ ተሰዳ መንደር 8 በሚባለው የስደተኞች ሰፈር በድንኳን ትምህርት ቤት ሳይንስ የምታስተምር መምህርት ናት። ኩላሊቷን ታማ ገዳሪፍ ስትመጣ አምሳ ሦስት ተማሪዎቿ ለፈተና አሥራ ሁለት ትምህርት ቀርቷቸው ነበር። ሐኪሙ ደግሞ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ ብሏታል።

«በድምፄ እልክላችኋለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ» አለችኝ። «ሌላ መምህር የላቸውም። እኔን ብለው ተቀምጠዋል።»

ቃሏ ትልቅ ነው፤ ድምጿ ግን ሕመሙ አድክሞት ከሹክሹክታ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። የኔ ኮምፒዩተር ማራገቢያ ደግሞ ወፍጮ ነው። የመጀመሪያውን ትምህርት ቀድተን ስንሰማው ማራገቢያው እያስተማረ ሓረጉ ከሩቅ የምታቋርጠው ይመስላል። ነቀልሁት። ጸጥ አለ፣ ደስ አለን፣ ቀጠልን። አሥራ አንድ ደቂቃ ላይ ኮምፒዩተሩ በሙቀት ድርግም አለና የምግብ ልመትን ትምህርት ይዞ ጠፋ። በስልክ አትቀዱም ወይ የሚል ብልጥ አይጠፋም። ሞክረናል፤ በዚህ አገር ሙቀት ስልክ ከኮምፒዩተር ቀድሞ ነው የሚደክም።

ጊዜ ቢኖር ምንም አልነበረ። መንደር 8 የሚመላለሰው ሹፌር ጀማሉ «የመጨረሻ ጉዞዬ የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ነው፤ ኸሪፍ ከገባ ቦክሲ መኪናዬን አላንቀሳቅስም» ብሎ ቁርጡን ነግሮናል። ኸሪፍ ክረምቱ ነው። ያንን ጥቁር መሬት የረገጠ ያውቀዋል፤ አንድ ጊዜ ዝናብ ከጠጣ ሰው ከነጫማው ይይዛል፣ ለሦስት ወር መኪና የለም፣ ፈተናው ደግሞ በዚያ መሀል ነው። ቀኑ ሰኞ ነበር። አሥር ቀን ቀርቶናል ማለት ነው።

ባዬ ይህን ሁሉ በሩ ላይ ተደግፎ ሰምቷል። «ማራገቢያውን ለኔ ተይው» አለ።

ማክሰኞ የኮምፒዩተር ዕቃ ወደሚሸጠው ወደ ዘከሪያ አብረን ሄድን። ዘከሪያ ካርቱም የተወለደ የኛው ሰው ነው፤ ጦርነቱ ሲያፈናቅለው የተረፈችውን ዕቃ ይዞ መጥቶ ከእህል ወፍጮው አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግቷል። ባዬ «የማይሰማ ማራገቢያ ስጠኝ» አለው። ዘከሪያ ገባና አንድ ካርቶን ሙሉ አመጣ።

«እነዚህ አንዳቸውም አይሰሙም» አለ። «አይዞሩምም።»

አልፈርድበትም። ገዳሪፍ ውስጥ ማራገቢያ የሚሸጠው በጩኸቱ ነው። መስኮት ላይ የሚሰቀለው የውሃ ማቀዝቀዣ እንኳ ካላጓራ በረደኝ የሚል የለም። ዘከሪያ «ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ ሁሉም ድምፁን አሰማኝ እያለ ነው የሚገዛኝ፤ አንተ ምን ሆነህ ነው?» አለው። ባዬ የሚሠሩትን አሥር ማራገቢያዎች መረጠና «እዚህ ወፍጮ አጠገብ አላዳምጥም፣ ልወስዳቸው ነው» አለ። ለመያዣ የስደተኛ መታወቂያውን ሰጠ። ሰው ለማራገቢያ መታወቂያውን ሲያስይዝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲያ ክፍሌ የምርመራ ቤት ሆነች። ቀትር ላይ ገበያው በሙሉ ሲያሸልብ ክቡርነቱ መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ማራገቢያውን ከባትሪ ጋር ያያይዛል፤ በዚያ እሳት በሚመስል ሙቀት ላይ ብርድ ልብስ ይከናነባል። ከብርድ ልብሱ ሥር ብይን ይወጣል። «ይሄ ያፏጫል።» «ይሄ ያቃስታል።» አንዱን ግማሽ ሰዓት አዳምጦ ሲወጣ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። እኔ ምንም አልሰማሁበትም።

«ይሄስ ምን አለው?» አልሁት።

«ዛሬ ጨዋ ነው። ኩሽኔታው ደርቋል፣ ሰኞ ይጮኻል።»

ረቡዕ ሌላ አሥር ወሰደ። ሓረጉ ጥግ ላይ ተቀምጣ ደብተሯን ታገላብጣለች፤ በየሰዓቱም ብድግ ብላ በበሩ ሰማዩን ታያለች። ትዕግሥቴ አለቀ። ለባዬ ሳልነግረው ሄድሁና አንድ የሚያብረቀርቅ ገዛሁ። ዘከሪያ አስነሳልኝ፣ ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ እውነትም ጭጭ። ቤት ገብቼ ሳበራው በዛር እንደተያዘ ሰው ነው የጮኸው። ባዬ አልተቆጣም፣ አልሳቀም።

«የት ነው ያዳመጥሽው?»

«እዚያው... ወፍጮው አጠገብ።»

«እህ» አለ። ይቺን እህ እስክሞት አልረሳትም።

ዓርብ ማታ በምሥራቅ በኩል መብረቅ ሲያበራ አየን። ያኔ አፌን አልጠበቅሁም። «አያ ባዬ፣ አንተ ስትመርጥ ልጆቹ ሊወድቁ ነው! መራጭ ይወድቃል ከምራጭ ይሉሃል ይሄ ነው!» አልሁት። ሰምቶኝ ሲያበቃ የያዘውን ማራገቢያ አስቀመጠ። ከዚያ ወደ ሓረጉ ዞረ።

«የመምህርቷ ድምፅ ከሰሊጥ ይቀላል» አለ። «ትንሽ ኮሽታ ይበላዋል። ልጆቹ ደግሞ ድገምልን የሚሉት ሰው አጠገባቸው የለም። ነገ እጨርሳለሁ።»

ሓረጉ «ግድ የለም፣ ሓፍተይ፣ ተይው» አለችኝ፤ እኅቴ ማለቷ ነው። እኔ ግን አኩርፌ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ያልተመረጠውን ካርቶን ሊመልስ ሲሄድ ተከተልሁት፤ እውነቱን ለመናገር ልጣላው ነው የሄድሁት። ዘከሪያ ማራገቢያዎቹን እየቆጠረ ሳለ ባዬ በሰሌን ማራገቢያው ፊቱን ማራገቡን ድንገት አቆመና እጁን አነሣ። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የተንጠለጠለች ደረሰኝ ትርገበገባለች። ቅጠል የማይነቃነቅበት ጠዋት ነው።

«ይቺን ወረቀት ማነው የሚያወዛውዛት?» አለ።

ዘከሪያ ወደ ታች አየ። ጠረጴዛው ሥር፣ እግሩ ላይ፣ የምሳ ሳህን የምታህል ጥቁር ማራገቢያ ቀስ ብላ ትዞራለች። ካርቱም ላይ ከተሰባበረ የኮምፒዩተር ሳጥን ያወጣት ናት፤ አንድ ጠርዟ ተሰብሯል። ከትልቅነቷ የተነሣ የሚገዛት ስለጠፋ እግሩን ታቀዘቅዝለት ብሎ በፀሐይ ባትሪ ያዞራታል። ከማክሰኞ ጀምሮ አጠገቧ እየቆምን ተከራክረናል፤ የገዳሪፍ ትልቁ ጆሮ እንኳ አልሰማትም። ባዬ ጠረጴዛው ሥር በሆዱ ተኛና ጆሮውን ክፈፏ ላይ ለጠፈ። አዳመጠ። ሲነሣ ፊቱ ሁሉ አቧራ ነበር።

«ትንሹ የሚጮኸው ስለሚሮጥ ነው» አለ። «ይቺ አትሮጥም። ትልቅ ስለሆነች በቀስታ ዞራም ያንኑ ነፋስ ታመጣለች። እንዴት እስከዛሬ አልገባኝም?»

«እሷ አትሸጥም» አለ ዘከሪያ። «የምራጭ ምራጭ ናት ደግሞ። ምን ታደርግልሃለች?»

ባዬ ነገረው። ስለ ሓረጉ፣ ስለ አምሳ ሦስቱ ልጆች፣ ስለ ሐሙስ። ዘከሪያ መቁጠሩን ተወ። ኋላ «የኔም ሁለቱ ልጆች ጦርነቱ ከጀመረ ወዲህ ትምህርት ቤት አላዩም» አለና ጎንበስ ብሎ ገመዷን ነቀለ። «ለኔም አንድ ካርድ ቅዱልኝ። ያችን የሰሌን ማራገቢያህን ደግሞ ተውልኝ፣ እግሬ ለምዷል።» መታወቂያውንም አብሮ መለሰለት።

ማራገቢያዋ የኮምፒዩተሩ ሳጥን ውስጥ አልገባችም። ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ወስደን የሳጥኑን ጎን አስቀደድን። ስንገጥማት ሳጥኑ ከሷ ጋር መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ባዬ ጆሮውን ለጠፈና «ብሎኑ ብረት ከብረት ነው፣ ጎማ ይፈልጋል» አለ። ሲፈልግ አጣ፤ የገዛ ነጠላ ጫማውን አወለቀ። ማሚቱ ለበዓል የገዛችለት አዲሱ ነው። አሮጌውን ቁረጥ ብንለው «ያረጀ ጎማ ድንጋይ ነው» አለ። አራት ቁራጭ ቆርጦ በየብሎኑ ሥር አስገባና ወደ ቤቱ በአንድ እግር ጫማ ሄደ።

ኮምፒዩተሩን አበራሁት። መብራቷ በራ፤ ሌላ ምንም የለም። የጠፋ መስሎኝ እጄን ከጎኑ ባስጠጋው ነፋሱ ጣቶቼን ዳሰሳቸው። ሓረጉ ማይኩ ፊት ተቀመጠችና በዚያች በትንሽ ድምጿ «ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ» አለች። መልሼ ስከፍተው እያንዳንዱ ቃል፣ የደብተሯ ገጽ ሲገለበጥ ሳይቀር፣ ጥርት ብሎ ወጣ። ሓረጉ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ አለቀስሁ፤ ምን አስደብቆኝ።

ከእሑድ እስከ ረቡዕ፣ በቀን ሦስት ሦስት፣ አሥራ ሁለቱንም ቀዳን። ኮምፒዩተሩ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋም፤ ጎኑን ብትነኩት እንደ እንስራ ቀዝቃዛ ነው። ባዬ አራቱንም ቀን ከመጋረጃው ውጭ እንደ ዘበኛ ቆመ። የሚያልፈውን ሁሉ በጣቱ ጸጥ ያሰኛል፤ ራክሻ የሚሉትን ባጃጅ የሚነዳ አንድ ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ እየገፋ እንዲያልፍ አድርጓል።

ረቡዕ መጨረሻው ትምህርት ላይ፣ ስለ ልብ አሠራር ነው፣ ሓረጉ እስትንፋስ ልትስብ ዝም ስትል፣ ከመጋረጃው ኋላ አንድ ሹክሹክታ ገባ፤

«ሸጊቱ፣ ማራገቢያዋ አሁንስ ይሰማል ድምጿ?»

አራት ቀን ማራገቢያ ያልሰማንበት ቅጂ ውስጥ ሊቀ አድማጭያን ራሱ ገባበት። ልቆርጠው እጄን ስሰድ ሓረጉ ያዘችኝ። እየሳቀች ወደ ማይኩ ቀረበች። «ልጆች፣ ይህ የሰማችሁት ጋሽ ባዬ ነው። እናንተ እንድትሰሙኝ ብሎ ሳምንት ሙሉ ድምፅ የሌላት ማራገቢያ ሲፈልግ የከረመ ሰው ነው። ጠይቋችኋል፤ መልሱለት» አለችና ወደ ልቡ ተመለሰች።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ጀማሉ ትምህርቶቹ ያሉባቸውን ስድስት ካርዶች በላስቲክ ጠቅልሎ ሄደ። ዓርብ ዝናቡ ወረደ። መንገዱ ተዘጋ፤ ካርዶቹ ግን ከወዲያ ነበሩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ዝናብ ባባራበት ከሰዓት፣ ስልኬ ጮኸ። ድንኳኑ ውስጥ ካርዱን የምታጫውተው ተማሪ ኣድያም ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥታ የላከችው ድምፅ ነው። ባዬን ከነሰሊጥ ሳህኑ ጠርቼ ስልኩን ሰጠሁት። ጆሮው ላይ አስጠጋው። መጀመሪያ የራሱ ሹክሹክታ ይሰማል፣ ቀጥሎ የሓረጉ ሳቅና «መልሱለት»። ከዚያ አምሳ ሦስት ልጅ፣ ግማሹ በትግርኛ ግማሹ በአማርኛ፣ ድንኳኑን አናጋው፤

«ጋሽ ባዬ፣ ኣይስማዕን! አይሰማም!»

ባዬ ስልኩን ከጆሮው አላነሣም። ዓይኑን እንደ ልማዱ ጨፍኗል።

«ዝናቡ አስቸገረኝ» አለኝ ቆይቶ። «ምን እንዳሉ አልሰማሁም። እስቲ ድገሚልኝ።»

ዝናቡ ካቆመ ሰዓት አልፎታል። ደገምሁለት።