ሁለት ጠባብ ቀዳዳዎች በጭቃ ግድግዳ ላይ

ግድግዳ ሆደ ሰፊ ነው። በተለይ የጭቃ ግድግዳ። ሚስማር ቢሉት ሚስማር፣ የበሬ ቀንድ ቢሉት ቀንድ፣ የሠርግ ፎቶ ቢሉት ፎቶ ይሸከማል። ከሰጡት ይልቅ ግን ያልሰጡትን አጥብቆ ይይዛል፤ ትኋንን። እናንተ ብሎኬት ቤት ያደጋችሁ ይህን ዝለሉት። እኔ ልጅ ሳለሁ ዳባት በሰው ቤት አገልግያለሁ፤ መኝታዬ ግድግዳ ሥር ነበር። ስንጥቅ ምን እንደሚያሳድር አውቃለሁ። ከዚህ በላይ አላወራም።

ዛሬ ግን ደባርቅ ላይ የራሴ ቤት፣ የራሴ ግድግዳ አለኝ። በዚያ ግድግዳ ላይ ደግሞ፣ ሳወራላችሁ እንኳ ያስቸኩለኛል፣ ዩኤስቢ ያለው ሶኬት አለ! ከጎንደር ነው ያስመጣሁት። እንደማንኛውም ሶኬት ክብ ቀዳዳዎች አሉት፤ ከሥራቸው ግን ሁለት ጠባብ፣ ጠፍጣፋ ቀዳዳዎች ተጨምረውበታል። ቻርጀር ፍለጋ አልጋ ሥር መንበርከክ ቀረ። ገመድህን ትሰካለህ፤ በቃ!

እንደ ዕቃ ወዳድ ዘልዬ አላስገባሁትም። በጭቃው ውስጥ ጭድ አለ፤ እሳትና ጭድ ደግሞ ጎረቤት አይሆኑም። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቼ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቶ የሶኬቱን ሣጥን በሲሚንቶ ከበበልኝ። ከዚያ በኋላም ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር በእጄ ጀርባ ስዳብሰው ሰነበትኩ። ለብ ይላል እንጂ አያቃጥልም። ደስታዬ ልክ አጣ። ለጎረቤቴ ለካሴ፣ "ያን የተላጠ ቻርጀርህን ጣለው፤ ገመድህን ይዘህ እኔ ቤት ና" አልኩት። የራሴን ቀድሜ ጥዬ ነበር፤ አመነኝና እሱም ጣለው።

ካሴ ቱሪስት ወደ ተራራው ሲወጣ በበቅሎው ጓዝ ያጓጉዛል። ሥራው በተራ ነው፤ ባለ ተራው የሚጠራው በስልክ ነው። ስልኩ ካልተነሳ ተራው ለሚቀጥለው ያልፋል። ቱሪስት ጠፍቶ ከርሞ ተራው ሲደርስ አስጎብኚው በዋዜማው ተራራው ላይ ካለችው ከቡይት ራስ ደውሎ፣ "ጠዋት እደውላለሁ፤ ወደ ሳንቃ በር ነው የምንሄደው" ብሎት ነበር።

በዚያው ጠዋት እኛ ቤት የማርያም ዝክር ድግስ ሽር ጉድ አለ። የባለቤቴ እናት እማማ ጥሩነሽ ከገጠር መጥተው ቤቱን ይለቀልቃሉ። ደንብ ነው፤ እንግዳ ከመግባቱ በፊት ግድግዳው በጭቃና በእበት ይታበሳል፣ ስንጥቁ ይደፈናል።

ካሴ ገመዱን አንጠልጥሎ ደረሰ።

"ጋሼ፣ ስልኬ ሞታለች። ቶሎ ነፍስ ዝሩባት!"

እንደ ባለ ርስት እየተጎማለልኩ ወደ ግድግዳዬ ወሰድኩት። ሶኬቱ አለ። ጠባቦቹ ቀዳዳዎች የሉም። በቦታቸው በጣት የተዳመጠ እርጥብ ጭቃ።

"እማማ! ይህን ማን ደፈነው?"

"እኔ ነኛ! ይህን የመሰለ የትኋን ቤት ከፍተህ እንግዳ ትጠራለህ? ክቦቹን ትቻቸዋለሁ፤ ትኋን ሰፊ ቤት አይወድም።"

መብራት ባለበት ሶኬት ላይ፣ በእርጥብ ጣት! ክቦቹን አለመንካታቸው የማርያም ሥራ ነው። እኔ ይህን ሳስብ ካሴ ኮርቻ የሚሰፋበትን ወስፌ መዞ ጭቃውን ሊፈለፍል ተጠጋ። እጁን ቀጨም አደረግሁት።

"በብረት? መብራቱ እያለ? እብድ!"

ሄጄ ቆጣሪውን አጠፋሁ። አያችሁ የዚህን ነገር ጉድለት? ቻርጀር ሲበላሽ ይጣላል፤ ግድግዳ ግን አይጣልም። ወይ ሠራተኛ ትጠራለህ፣ ወይ እስኪደርቅ ቆመህ ታየዋለህ።

ካሴ መደቡ ላይ ተዘረፈጠ። "ከፆም ጀምሮ የጠበቅኋት ተራ! እርስዎን ሰምቼ ቻርጀሬን ጣልሁ፤ አማትዎ ደግሞ ዕድሌን መረጉት።"

የእኔም ስልክ ባዶዋን ነበረች። እማማ ግን ጭቃቸውን ተጣጥበው ከመቀነታቸው ሥር ባለ ቁልፏን ትንሽ ስልካቸውን አወጡ።

"የእኔዋ ባለፈው እሑድ የጠጣችውን ገና አልጨረሰችም። በል፣ ሲምህን እዚህ ክተት።"

ሲሙ ልክ ገባ። እሳቸው የራሳቸውን ሲም በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ጮኸች። እጃቸው ለምዶ ኖሮ እሳቸው አነሷት።

"አቤት! አዎ፣ ካሴ አለ። በቅሎውም አለች። አንተስ ደህና አደርህ? እናትህ እግራቸው ተሻላቸው?"

"እማማ፣ በእመብርሃን ስጡኝ!" ካሴ ነጠቃቸው። ሁለት ጊዜ "እሺ" አለና ከነስልኩ በሩን በርግዶ በቅሎው ወደ ታሰረችበት ሮጠ። እኔም ያለ ምክንያት ተከትዬው እየጮህኩ ሮጥኩ። ተራው አላለፈችም!

ኋላ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው መጥቶ ሶኬቱን ፈታ። ደግነቱ ጭቃው ከአፉ አላለፈም። ጠርጎ፣ አድርቆ መለሰው፤ እንደ አዲስ ይሠራል። ማረጋገጥ ደግሞ ይገባኝ ነበርና ካሴ ጥሎት የሄደውን ትልቅ ስልክ ሰካሁበት።

ካሴ እስካሁን ተራራው ላይ ነው። እማማም፣ "ስልኬን ሳልይዝ ንቅንቅ አልልም" ብለው እኛ ቤት ናቸው። የካሴ ስልክ ግድግዳዬ ላይ መቶ በመቶ ሞልታ ታበራለች። የሚደውልላት ግን የለም፤ ሲም የላትም።