ጥቁር ቲሸርት ለብሶ የመጣ መርዶ

ምክር ልስጣችሁ? በነጻ ነው። ጥቁር ልብስ ለብሳችሁ፣ ሰብሰብ ብላችሁ፣ ጎህ ሲቀድ የሰው በር አታንኳኩ። መተማ ዮሐንስ ከሆናችሁ ደግሞ በጭራሽ አታንኳኩ። እኔ አንኳኩቼ ያየሁትን አይቻለሁ፤ ይኸው እስካሁን እጄን በአፌ ጭኜ ቀርቻለሁ።

ሥራዬ ድለላ ነው። ገንዳ ውሃ ከተማ ወርዳችሁ "ያ ለፍላፊው የሰሊጥ ደላላ የት አለ?" ብትሉ የባጃጁ ሾፌር ሁሉ ያመጣችኋል። ሰሊጥ ሲጠፋ ቤት አከራያለሁ፤ ቤት ሲጠፋ ትራክተር አገናኛለሁ። ታሪክ ደልዬ ግን አላውቅም ነበር። መንገዱ ደህና በነበረበት ዓመት እሱንም ደለልኩ።

ሜሮን የምትባል ልጅ ካሜራዋን ይዛ፣ ጓደኞቿን አስከትላ ከአዲስ አበባ መጣች። ዶክመንተሪ ልትሠራ ነው። ስለምን? ስለዚያ ጦርነት ነዋ! ከድርቡሽ ጋር፣ እዚችው መተማ ላይ፣ ንጉሡ ስለወደቁበት። ማን አሸነፈ ካላችሁን እኛ "እኛ ነን" እንላለን። ማዶ ጋላባት ያሉትም "እኛ ነን" ይላሉ። የተማሩት ደግሞ እስካሁን ይጨቃጨቁበታል። ሜሮን ይህን ልትፈታ ኖሯል የመጣችው። የመጀመሪያ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጣ ለመተማ ሽማግሌዎች የመተማ ጦርነት እንዴት እንደነበረ ታስረዳቸው ጀመር። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ ነው! ሽማግሌዎቹ ግን ጨዋ ናቸውና "እንዴ! እንዲያ ነው ለካ?" እያሉ ሰሟት።

ልጅቷን ግን እንዳትንቋት። የያዘችውን ጉድ ባያችሁ! አንድ ቀን ኮምፒውተሯን ከፍታ አሳየችኝ። ፈረንጅ የሳለው ካርታ፣ ጠርዙ የረገፈ የብራና ጽሑፍ፣ ከየባሕር ማዶው ቤተ መዛግብት ለምና ያስቀዳችው ፎቶግራፍ። ዕድሜ ልኬን የምረግጠው አፈር እዚያ ውስጥ ተቀምጦ አየሁት። እኛ እዚህ ስለ ሰሊጥ ዋጋ ስንነታረክ፣ ለካ አገራችን በሰው አገር ሣጥን ውስጥ ተቀምጣ ኖሯል!

ከፎቶዎቹ አንዱን ትክ ብዬ አየሁት። ሰውዬው በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ይወጋል። የግራ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጓል፣ ሌባ ጣቱ ከግማሹ የለም። ከሥሩ የተጻፈው "መተማ" ብቻ ነው። ሜሮን ተማርኮ ወደ ሱዳን የተወሰደ የኛ ሰው ይመስለኛል አለችኝ። ስሙን ግን አታውቅም።

ጣቱን ሳይ እማማ ስንዱ ትዝ አሉኝ።

እማማ ስንዱ የመተማ ዮሐንስ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን እሳቸውም አያውቁት። ቅድመ አያታቸው ለዚያ ጦርነት ከደጋ ወርደው አልተመለሱም። ሚስትየዋ ባሏን ፍለጋ ልጇን አዝላ ወረደች። ሞቷል የሚላት የለ፣ አለ የሚላት የለ። መርዶ ሳይመጣ ደግሞ አይለቀስም። እዚሁ ጎጆ ቀልሳ ስትጠብቅ ቆላው አስቀራት። ያ ቤተሰብ ቆለኛ የሆነው በመጠበቅ ነው እንግዲህ። ሴትየዋ በዓል በመጣ ቁጥር የባሏን ድርሻ በሳህን ታስቀምጥ ነበር አሉ፤ "ቢመጣስ?" እያለች። ልጇም አስቀመጠች፣ የልጅ ልጇም። እማማ ስንዱም ይኸው ያስቀምጣሉ። ሲመሽ ሳህኑን የሚበላው በአጠገቡ ያለፈ የሰሊጥ አጫጅ ነው። ምልክቱንም ከእናት ወደ ልጅ ሲያወርዱት ኖረዋል፦ ግራ እጁ፣ ሌባ ጣቱ፣ ማጭድ የቆረጠው።

የእማማ ስንዱ ጭንቅ ደግሞ ሌላ ነው። ልጆቻቸው ጎንደር ናቸው፤ "እኛ ለሞተ ሰው ሳህን አንይዝም" ብለዋቸዋል። አንድ ቀን እኔንም "ልጄ፣ እኔ ስሞት ማን ይጠብቀዋል?" ብለውኝ ያውቃሉ።

ታዲያ ለሜሮን ይህን ስነግራት ዘለለች። ነገ እንሂድ አለች። በጠዋት ይሁን፣ ጎህ ሲቀድ፣ ብርሃኑ ያምራል አለች። ፊልም ሠሪ ብርሃን ይወዳል። ሁሉም ጥቁር ቲሸርት ለብሰዋል፤ የሥራ ልብሳቸው ነው አሉኝ። ድምፅ ቀራጩ ልጅ "ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፣ አታውሩ" ይለናል። እኔም ለክብር ብዬ አንድ ሽማግሌ ጨመርኩ። እስቲ አስቡት! ጎህ ሲቀድ፣ ጥቁር የለበሰ ሰው፣ ፊት ፊት ሽማግሌ፣ ድምፅ የለ። እኔ የዚህ አገር ሰው፣ አልታየኝም። ሜሮን ብርሃን ስታይ፣ እኔ ሜሮንን ሳይ፣ መርዶ ነጋሪ ሆነን ቁጭ አልን!

እማማ ስንዱ በሩን ከፈቱ። አዩን። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩ።

"ማን ነው?" አሉ።

ሜሮን ምኑም አልገባት። ፎቶውን ዘረጋችላቸው። እማማ ስንዱ ፊቱን አላዩም፤ በቀጥታ ወደ እጁ ሄዱ። ጣቱን በጣታቸው ነኩት። ከዚያ የጮኹትን ጩኸት አልነግራችሁም። የእናታቸውም የአያታቸውም ነው የጮኸው። ጎረቤት በባዶ እግሩ ወጣ። ፀሐይ ሳትከር የእድሩ ድንኳን ተተከለ።

ወገኖቼ፣ ሰው መጣ! ጉምሩክ በር ላይ ከቆመው መኪና ሾፌሩ ወርዶ መጣ። ከአብደራፊ ዘመድ መጣ። "ከመቶ ዓመት በላይ ለሞተ ሰው ምን ለቅሶ አለ?" ይሉ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። አንድ ሰው አላለም! "መቼ ተረዳችሁ?" ነው ጥያቄው። "ዛሬ ንጋት" ሲባል "አይይ! ትኩስ ነዋ!" ይላሉ። ሐዘን የሚቆጠረው ከሰሙበት ቀን ነው፤ ሌላው የታሪክ ሰው ሥራ ነው። አልቃሿ የጣቱን ነገር በግጥም እያነሳች አስለቀሰችን። ያ ሁሉ ሰው፣ የማያውቀውን ሰው፣ እንደ ትናንት ሟች አለቀሰው።

ሜሮንና ጓደኞቿስ? መርዶ ያመጣ ሰው ጥሎ አይሄድም። ሠልስት ሳይወጣ ወዴት? ከሐዘንተኛው አጠገብ ተደርድረው፣ ካሜራቸው ተዘግቶ፣ ንፍሮ ይቆረጥማሉ።

በማግስቱ የሜሮን ስልክ ጮኸ። ያ የባሕር ማዶው ቤተ መዛግብት ነው፤ የፎቶውን ጀርባ አንስቶ ልኮላታል። ጀርባው ላይ የዓረብኛ ጽሑፍ አለ። የሰውዬው ስም ይሆናል ብላ ተጣደፈች። ማን ያንብብላት? ሐጂ ኢድሪስ አሉ፤ ባለ ሱቁ፣ ዘራቸው ከጋላባት የሆነ። ለእማማ ስንዱ ሊያለቅሱ ከመጡ ቆይተዋል፤ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ከለቀስተኛው ጋር ሻይ ይዘዋል። ስልኩን ሰጠኋቸው።

ሐጂ መነጽራቸውን አደረጉ። አነበቡ። አወለቁት፣ በጀለቢያቸው ጠርገው እንደገና አነበቡ። የሻይ ከባያው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ይህ ሰው የናንተ አይደለም" አሉኝ በሹክሹክታ። "አደም ወድ በኪት ይላል፤ የበኪት ልጅ ማለት ነው። የአያቴ ወንድም ነው። ከማዶ በኩል ሆኖ የተዋጋው። ከዚያ ወደ ኦምዱርማን ሄዶ በዚያው ቀረ።"

ጣቱስ? ብዬ ልጠይቅ ነበር። ግን ማጭድ የማን ጣት እንደሆነ መቼ ይጠይቃል?

አሁን ምን ይደረግ? አንዱ "ዝም በሉ፤ አሮጊቷ በሰላም ትረፍ" አለ። እኔም ልቤ ወደዚያው ነበር፣ ምን እደብቃችኋለሁ። ሜሮን ግን "በውሸት ላይ ፊልም አልሠራም" ብላ ተነሣች። እማማ ስንዱ እግር ሥር ተንበረከከች። እያለቀሰች "እማማ፣ ተሳስተናል። ይህ ቅድመ አያትዎ አይደሉም" አለቻቸው።



"የማን ነው ታዲያ?" አሉ እማማ ስንዱ።

ሜሮን ወደ ሐጂ አመለከተች። እማማ ስንዱ ፎቶውን አነሡ። አሁን ገና ፊቱን አዩት። ብዙ አዩት። ከዚያ ሐጂን ቀና ብለው ጠየቋቸው።

"እሱንስ ማን አለቀሰለት?"

"ማንም" አሉ ሐጂ። "አያቴ ይመጣል እያሉ ነው የሞቱት።"

"ታዲያ ምነው እዚያ ከእንግዳ ጋር ተቀመጡ? ወዲህ ይምጡ እንጂ!" ብለው እማማ ስንዱ ከምንጣፋቸው ፈቀቅ አሉ።

ሐጂ ኢድሪስ ተነሡ። ከለቀስተኛው ወገን ወጥተው ከሐዘንተኛው ወገን፣ ከእማማ ስንዱ ጎን ተቀመጡ። መጀመሪያ ያጽናኗቸው እማማ ስንዱ ናቸው። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው፣ ትናንት ያለቀሰው ሰው፣ እንደገና ተሰለፈ። አንዱ "እግዜር ያጽናዎ" ይላል፣ አንዱ "አላህ ይርሐመው" ይላል። ለሟቹ ፋቲሃ ተቀራ። አልቃሿ እንደገና ጀመረች፤ ጣቱ ያው የሱው ነውና ግጥሟን አልቀየረችም። እኔ ብዙ ነገር አይቻለሁ። እንዲህ ያለ ግን አላየሁም፤ አላይምም።

እማማ ስንዱ ሳህኑን አልተዉም። እንዲያውም ጠባቂ ተገኘ። ዒድ ሲሆን ሐጂ "የእርስዎ ሰውዬ ድርሻ ነው" ብለው ሳህን ይልካሉ። ሥጋ አብረን አንበላም፤ የእስላምና የክርስቲያን ቢላ ለየብቻ ነው። ስለዚህ የሚልኩት ተምር ነው። "ከእርስዎ በኋላም እኛ እናስቀምጣለን" ብለዋቸዋል። እማማ ስንዱ ይህን ሲነግሩኝ ልጅ ሆነው ሳቁ።

በቀደም ሜሮን ደወለችልኝ። ፊልሙ አልቋል፤ የቀረው መዝጊያው ላይ የሚነገር አንድ ቃል ብቻ ነው። እማማን ጠይቅልኝ አለች፤ ለመሆኑ ጦርነቱን ማን አሸነፈ ይላሉ? ሄድኩና ጠየቅኳቸው። ተምሩን እየከፈሉ ሰሙኝ።

"ምን ያስቸኩላታል?" አሉ። "የኛው ሰውዬ ገና አልተመለሰም እኮ። ሲመጣ እንጠይቀዋለን በላት።"